ግማሽ እህቴ የተባለችውን ፍለጋ ወደ ኮቦ

ወንድሜ ዳዊት የአባታችንን ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ ያወረደው ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ነው። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ ያስተማረው የበኩር ልጁ፣ ስልኩ ላይ አንድ መስመር አንብቦ፣ ፎቶውን አውርዶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከሶፋው ጀርባ አስቀመጠው። ይህን ያየሁት አዲስ አበባ ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ተናድጄ ከረምኩ፤ ተናድጄ ኮቦ ሄድኩ፤ ተናድጄ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈውም ንዴቱ በደንብ ሳይበርድልኝ ስለሆነ፣ የመልክዓ ምድር ውበት የሚጠብቅ አንባቢ ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊድን የሚማረው የዳዊት ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ የዲኤንኤ መመርመሪያ ብልቃጦች ይዞ መጣ። ምራቅህን ትሞላለህ፤ እሱ ይዞት ይሄዳል፤ ከሳምንታት በኋላ ከተመረመረው ሰው ሁሉ ዘመድህ ማን እንደሆነ በስልክህ ይመጣል። እኔ፣ ዳዊትና የአባቴ እህት ልጅ ትዕግስት ሞላን። እናቴን ስንጠይቃት «ምራቄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» ብላ ከአጠገባችን ተነሳች። እኛ አገር ምራቅ ለምርቃት ነው፤ ሽማግሌ እትፍ እትፍ ብሎ ይመርቃል። የእኛ ግን እርግማን ሆኖ ተመለሰ።

ውጤቱ ሲመጣ በእኔም በዳዊትም ስልክ ላይ ከእኛ ከሁለታችን ስም ቀጥሎ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ስም «ዘሐራ፣ ኮቦ» የሚል ነበር። ከሥሩ በደማቅ ፊደል «ግማሽ እህት» ይላል። ዳዊት ከዚያ በታች አላነበበም። አባታችን በወጣትነቱ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሆኖ ኮቦና ራያ ቆላ ውስጥ ቤት ለቤት መድኃኒት ይረጭ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ዳዊት ሁለቱን ገጣጠመና ፈረደ፦ አባታችን ቆላ ልጅ ጥሎ መጥቷል። ለአክስቶቻችን ሁሉ ነገራቸው። ሙት ዓመቱንም «ለእንዲህ ያለ ሰው ድንኳን አልተክልም» አለ። እናታችን እንዳትሰማ ብቻ ተስማማን። እሷ ልጇ ሥራ በዝቶበት የቀረ እየመሰላት ድንኳን የሚከራይበትን ቤት ትጠይቃለች።

እኔ አባቴን አውቀዋለሁ። መርፌ ገዝቶ እንኳ ለእናቴ ሳይነግር የማያድር ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ የሚያህል ነገር ዕድሜ ልኩን ደብቆ ኖረ ብሎ ማመን አቃተኝ። ለዘሐራ ውጤቱ በወጣበት ድረ ገጽ ላይ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ ፋጡማ የምትባል ልጇ ናት፦ «እናቴ ስለዚህ ጉዳይ መናገር አትፈልግም። ለእንግድነት ከሆነ ግን ቤታችን ክፍት ነው።» መናገር አትፈልግም! የአባቴ ስም በየዘመዱ ቤት እየተጎተተ፣ እሷ መናገር አትፈልግም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ከትምህርት ቤቴ ፈቃድ ጠየቅሁ። ለእናቴ ደሴ ሥልጠና አለኝ አልኳት።

ሰኞ

የጥቅምት ማለቂያ ነበር። ደብረ ብርሃን ውርጩ ሣሩን አንጥቶት አድሯል። ጋቢ ደርቤ መናኸሪያ ስደርስ፣ መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተበት ሰሞን ስለነበር ሰዉ ይጋፋል። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ራያ ቆላን ለስንት ተማሪ ካርታ ላይ በጣቴ አሳይቻለሁ፤ በእግሬ ግን ከደሴ አልፌ አላውቅም። ይህንን ለማንም ስላልነገርኩ እዚህ ልናገረው።

ጣርማ በርን ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ጋቢዬን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከሚሴን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ደህና ነበረ እኮ» አለን። ደህና አለመሆኑን ሁላችንም እያየን ነው። መለዋወጫው ጎማ ደግሞ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ጎማ ከከተማ እስኪመጣ ድረስ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። በአካባቢው የነበረች አንዲት ሴት ሳንጠይቃት በጀሪካን ውሃ አመጣችልን፤ ማን እንደሆንን ሳትጠይቅ አጠጥታን ሄደች። ወንድሜን አሰብኩት። ይህች ሴት ለማታውቀው ሰው ውሃ ስትሰጥ፣ እሱ ለሚያውቀው አባቱ ጥቂት እምነት ነፈገው።

ደሴ ስንደርስ መሽቷል። ብርዱ የአገሬ ዓይነት ስለነበር አልጋው ውስጥ ስገባ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ሽሮው ግን የአገሬ አልነበረም፤ ሚጥሚጣውን የጨመረበት ሰው ከእኔ የባሰ የተናደደ መሆን አለበት።

ማክሰኞ

ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ ደግሞ ሌላ ሚኒባስ ይዤ ወደ ቆላው ወረድኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ጎብዬ ገበያ ልብስ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጥያቄ ሳይቀድም ፓፓያ ቆርጣ እጄ ላይ አኖረችልኝ።

«ወዴት ነሽ እህቴ?»

«ኮቦ።»

«ዘመድ አለሽ?»

«መኖሩን ላጣራ ነው የምሄደው።»

«ዘመድ ደሞ ይጣራል? ይጠየቃል እንጅ» ብላ ከልቧ ሳቀችብኝ።

ጎብዬ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስቆሙንና እኔን አስወረዱኝ። መታወቂያዬን የያዘው ጠባቂ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከደብረ ብርሃን ኮቦ ድረስ ብቻዋን የምትሄድ ሴት አልገባችውም።

«ኮቦ ማን ጋ ነሽ?»

«ዘሐራ የምትባል ሴት ጋ።»

«ምንሽ ናት?»

ሦስት ወር ሙሉ ቤተሰቤን ያባላ ጥያቄ አስፋልት ላይ ቆሞ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ሴትዮዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «እህቷ ናት፣ ልቀቃት፤ ፀሐዩ አናታችንን በሳው» አለችው። ለቀቀኝ። እንዲህ በቀላሉ እህት ሰጥታኝ ጎብዬ ላይ ወረደች።

ሮቢትን አልፈን ኮቦ ስንገባ አየሩ እንደ ዳቦ ምድጃ አፍ ነበር። በዚህ ሰዓት የእኛ ከተማ ሰው ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል፤ የኮቦ ሰው ከፀሐይ ይሸሻል። የሽንኩርት ጆንያ የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ፣ ከኋላው ባጃጆች ይጮሃሉ፣ ከባጃጆቹ መሃል አንድ ግመል ማንንም ሳያይ ያልፋል። የኮቦ ሰው ዞር ብሎ አላየውም፤ እኔ ግን እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት። ደብረ ብርሃን በግ እንጂ ግመል የለንም።

ያረፍኩበት ቤት አልጋው ንጹሕ ነው፤ አጎበሩ ግን ድመት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ለአስተናጋጇ ስነግራት በሀፍረት ክርና መርፌ ይዛ መጥታ እየሳቀች ሰፋችው። አባቴ ጀርባው ላይ መርጫ ተሸክሞ በዚህ ሙቀት እየዞረ የዚህን አገር ትንኝ ሲገድል ኖረ። አሁን እሱ መቃብር ውስጥ ሆኖ ይከሰሳል፣ ትንኟ ግን በሕይወት ኖራ ልጁን ትነክሳለች። ፍትሕ የሚባለው ነገር ኮቦም የለም።

ረቡዕ

የዘሐራ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች። ፊቷ ላይ የአባቴን አፍንጫ ፈለግሁ፤ የለም። ጆሮውን ፈለግሁ፤ የለም። ሰው ፊት ቆሞ እንዲህ መመርመር ነውር እንደሆነ ያስታወሰችኝ እሷው ናት፤ ግራ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋ አየችኝ። ደነገጥኩ፤ ለምን እንደደነገጥኩ ግን ያኔ አላወቅሁም።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ግቢ። ረቡዕ መሆኑን አልረሳሁም፣ ወላሂ። ሁሉም በዘይት ነው የተሠራ» አለችኝ።

እስላም ቤት ገብቼ ጾሜን እንዴት እነግራቸዋለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ ስጨነቅ ነበር። እሷ ከእኔ ቀድማ አስባዋለች። የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥ ቀረበ። የማሽላ እንጀራ በልቼ አላውቅም፤ ከጤፉ ይልቅ ሆድ ይይዛል። ግን ለመብላት አልመጣሁም።

«እትዬ ዘሐራ፣ አባትዎ ማን ናቸው?»

«አባቴ ዓሊ ነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ነው የተቀበረ። ሌላ አባት የለኝም።»

ስልኬን አውጥቼ ከስሟ ሥር የተጻፈውን አነበብኩላት። አንገቷን ነቀነቀች።

«ልጄ ከውጭ አገር መጥቶ ምራቅሽን አምጪ አለኝ። ለስኳር ምርመራ ነው መስሎኝ እንጅ መች እሰጥ ነበር? እኔ አፌን ዘግቼ ስኖር ምራቄ አወራ።»

«ምን ነው ያወራው?»

«ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ብይ።»

ብይ! የአባቴ ስም ጎድፎ ምኑን እበላለሁ? «አንዲት ልጅ የሟች አባቷን ስም ልታጸዳ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ ስትመጣ መልሱ ይኼ ነው?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ማለቱን አውቃለሁ። እሷ አልተቆጣችም። ተጨማሪ ወጥ አወጣችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጇ ፋጡማ ከሥራ ተመለሰች። እዚያው ኮቦ ባዮሎጂ የምታስተምር፣ ፈጣንና ሳቂታ ሴት ናት። የእናቷን ስልክ የምታየው እሷ ናት። ከኒሙ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀመጥን። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ትዕግስታችንን ጨረሰው።

«የጋራ ዘመዶች የሚለውን ተጭነሽ አይተሽዋል?» አለችኝ።

አላየሁትም። ዳዊትም አላየውም። ያ ቦታ እኔም ዘሐራም የምንዛመዳቸውን ሰዎች የሚያሳይ ነው። ስንከፍተው ከዳዊት ሌላ ሁለት የማላውቃቸው ስሞች ብቻ ወጡ፤ ሁለቱም ቤተሰባቸው ከራያ ነው።

«ያንቺ የአክስትሽ ልጅ ተመርምራለች ብለሽኝ ነበር» አለች ፋጡማ።

«አዎ፣ ትዕግስት። የአባቴ እህት ልጅ።»

«እናቴ የአባትሽ ልጅ ብትሆን ኖሮ ትዕግስት ለእሷም የአክስት ልጅ ነበረች። የአክስት ልጅ ደግሞ በዚህ ምርመራ አይጠፋም። ፈልጊያት እስቲ።»

ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። ትዕግስት የለችም። እዚያው ደወልኩላት። ስልኳን ከፍታ እስክታይ ጠበቅኳት።

«እኔ ጋ ዘሐራ የምትባል የለችም» አለችኝ። «ዳዊት የነገረኝ ጊዜ እኮ እኔም ጋ መኖሯን አልጠየቀኝም። ነገረኝና ስልኩን ዘጋው።»

አያችሁ? ትዕግስት ስልኳን ከፍታ እስክትመልስ ድረስ መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው! ከደማቁ «ግማሽ እህት» ሥር፣ በደበዘዘና በቀጭን ፊደል፣ «አክስት፣ የእህት ወይም የወንድም ልጅ፣ አያት» የሚልም ተጽፏል። እነዚህ ሁሉ ሩብ ያህል ደም የሚጋሩ ስለሆኑ ምርመራው ለብቻው አይለያቸውም፤ ያመነውን አንዱን ከላይ አድምቆ ይጽፋል። ያን ያደመቀው ሰው አባት የለውም ይሆን? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ወንድሜ ግን ያፈሰሰውን የምለቅምለት እኔ ሆንኩ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ፋጡማ አሁንም ከስልኩ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ምን ሆንሽ?»

«በአባትሽ ካልሆነ እኮ በእናትሽ ነው» አለች ቀስ ብላ።

የዘሐራን ዕድሜ ከእናቴ ዕድሜ ቀነስኩ። ዘሐራ ስትወለድ እናቴ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትወልዳለች። አባቴን ነፃ ላወጣ መጥቼ እናቴን ልከስ ነው? ምራቋን አልሰጥም ያለችው ለዚህ ኖሯል? «እናቴ ሳታገባ ወልዳ ጥላለች ማለት ነው?» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

ዘሐራ ከቤት ወጣች። ቅንድቧ እንደገና ተነስቷል።

«በእናትሽ ላይ እንዲህ አትበይ።»

«ታዲያ ምን ልበል? እርስዎ አይናገሩ፣ ስልኩ በግማሽ ይናገራል፣ ሌላውን ግማሽ እኔ በፍርሃት እሞላዋለሁ።»

«ነገ አያ ሁሴን ዘንድ እንሄዳለን፤ ታላቅ ወንድሜ ነው» አለችኝ። «የእኔ አፍ ታስሯል። የእሱም ታስሯል። ግን እሱ ትልቅ ስለሆነ መንገዱን ያውቃል። አብሽሪ።»

ሐሙስ

ሁሴን የሚኖረው ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ከሚኒባስ ወርደን ከሰው ቁመት በላይ በቆመ ማሽላ መሃል ለመሃል ሄድን። የእኛ አገር ገብስ ጉልበት አያልፍም፤ እዚህ ሰው እርሻው ውስጥ ይጠፋል። ዘሐራ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ እኔ ጫማዬ አሸዋ እየሞላ እየቆምኩ አራግፋለሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ጫማዬ ከእጄ አምልጦ ማሽላው ውስጥ ገባና ሁለታችንም በእንብርክክ ፈለግነው። ያን ጊዜ ብቻ አብረን ሳቅን።

ሁሴን ከሰባ አምስት ያለፈ ረጅም ሽማግሌ ነው። ፍየል ታርዶ ይጠብቀናል። ያረደው ደግሞ ክርስቲያን ጎረቤቱ ካሣዬ ነው፤ ለእኔ ተብሎ ተጠርቶ መጥቶ፣ በስመ አብ ብሎ አርዷል፤ ሥጋውንም እነ ሁሴን በተለየ ድስት ሠርተውልኛል። እዚህ አገር እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚደረገው አሉኝ። ቁጣዬን ይዤ መጥቼ በዚህ ደግነት መሃል የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ከበላን በኋላ ዘሐራ ነገሩን አጫወተችው፤ የወንድሜን ፍርድ፣ የፎቶውን መውረድ፣ ትናንት የተናገርኩትን። ሽማግሌው መሬቱን እያየ ሰማና ወደ እኔ ዞረ።

«የሰው ስም አልጠራም፤ ምያለሁ» አለኝ። «ተረት ግን ለእንግዳ ይወራል። ስሚ።»

እንዲህ ብሎ ጀመረ፦

«አንድ የበሬ ነጋዴ ነበረ። ከደጋ ይመጣል። የራያ በሬ ገዝቶ ይነዳል። ሲመጣ የሚያድር አንድ ቤት ነው፤ ከቤቱ ጌታ ጋር እንደ ወንድም ሆኑ። ነጋዴው ልጅ አይበረክትለትም። አንድ ዓመት መጣና በሬ ሳያይ ተቀመጠ። ምነው ቢሉት የመጨረሻዋን ልጁን ቀብሮ ነው የመጣ። ሚስቱ እህል አልቀምስም ብላለች። የቤቱ ጌታ ሚስቱን አያት። ሚስቱ መሬት መሬቱን አየች። ኋላ ተነስታ የአራት ዓመት ልጇን አጠበቻት፣ ቅቤ ቀባቻት፣ አምጥታ ነጋዴው ጭን ላይ አስቀመጠቻት።»

የበሬ ነጋዴ። የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ የበሬ ነጋዴ ነበር። ልጆቹን የቀበረባቸውን መቃብሮች እኔው ራሴ በልጅነቴ ለዓመት በዓል ሣር አልብሻቸዋለሁ። እናቴ ብቻ ናት የተረፈችው ይሉን ነበር።

«የሰጠ ሰው ደግሞ ይምላል» አለ ሁሴን። «ወለድኳት አልልም፣ ስሟን አልጠራም፣ ደጇን አልረግጥም፣ ልጆቼም እንዲሁ ብሎ ማለ። አለዚያ ልጅቱ ከሁለት ቤት መሃል ትቀራለች። ያሳደጋት ሰውም ልጄ ብሎ አይጠግብም። እንዲህ ነው አሰጣጡ። የቤቱ ጌታ አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። በቅሎዋን እየሳበ እስከ ሮቢት ሸኛት። ሮቢት ላይ ገመዱን ለነጋዴው ሰጠ። ልጅቱ ዞር ብላ "አንተስ አትመጣም?" አለችው።»

ተረቱን እዚህ ላይ ጨረሰ። ዘሐራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እሷ ያኔ አልተወለደችም ነበር፤ እህት እንዳላት እንኳ የሰማችው እናታቸው ሊሞቱ ሲሉ ነው። ቅንድቧን አየሁት። ትናንት ለምን እንደደነገጥኩ ገባኝ፦ የእናቴ ቅንድብ ነው። የአባቴን ፊት ስፈልግ የእናቴ ፊት ከፊቴ ቆሞ ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቁንም ተናደድኩ፣ ከምንጊዜውም በላይ። «ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ እናት ልጇን ሳትጠራ ሞተች፣ እህት እህቷን ሳታይ አረጀች፤ ለቃል ተብሎ?» አልኩት። «አባቴስ? አንድ ቃል ብትነግሩን ስሙ ይጸዳ ነበር።»

«አባትሽን ማን እንደሰደበው እኔ በምን አውቄ?» አለኝ ሳይቆጣ። «እኛ ቃላችንን ጠብቀናል። አባትሽን የሰደበው የገዛ ልጁ ነው።»

እናቴን በስልክ እንዲያናግሯት ለመንኳቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ሰላም በያት እንኳ አላሉኝም። ይህን ያህል ጽኑ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ይህን ያህልም ያናደደኝ የለም።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ጠዋት ዘሐራ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ባጃጁ ላይ ግማሽ ጆንያ የኮቦ ጤፍ ጭናለች።

«ይሄ ለማን ነው?» አልኳት።

ለእናትሽ ማለት አትችልም። አፏን ከፍታ ዘጋችው። «ለመንገድሽ ነው» አለችኝ።

ለመንገድ ዳቦ ይሰጣል፣ ቆሎ ይሰጣል። ጤፍ በጆንያ ለመንገድ የሚሰጥ የት አገር ነው? ረዳቱ ጆንያውን ጣሪያ ላይ እየጫነ ይስቃል። እኔ ግን አቅፌያት መልቀቅ አቃተኝ፤ እሷም ጀርባዬን መታ መታ አደረገች። አብራን የመጣችው ፋጡማ በስልኬ ላይ ደማቁን ጽሑፍ በጣቷ ነክታ «አክስት» በሚለው ቀየረችልኝ። ሰው ያመነውን መርጦ መጻፍ ይቻላል ለካ፤ ዳዊት ይህንንም አላየውም።

መመለሻው መንገድ እንደ ሄድኩበት አልነበረም፤ ጎማም አልተነፈሰም፣ ኬላም ዝም ብሎ አሳለፈኝ። ወልድያ ላይ ሻይ ስጠጣ፣ ደሴ ስተኛ፣ ጣርማ በርን ስንወጣ ጋቢዬን መልሼ ስደርብ፣ የማስበው አንድ ነገር ነው። ለእናቴ ምን እላታለሁ? ዝም ብል አባቴ እንደተሰደበ ይቀራል። ብናገር ሰባ ዓመት የተጠበቀውን እኔ አፈርሰዋለሁ። ደብረ ብርሃን ቅዳሜ ማታ ስገባ ውርጩ እንደገና ሊወርድ ሰማዩ ጠርቷል።

እሑድ

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ድንች ትልጣለች። ጤፉን አይታ «ደሴ ሥልጠና ላይ ጤፍ ይሰጣሉ እንዴ?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የዳዊትን ፍርድና ኮቦ መሄዴን ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አባቱን? ለአንድ ዓመት እንኳ አልታገሰውም? እና አንቺ ይህን እያወቅሽ ከዚያኛው ክፍል ወደዚህ መጥተሽ እኔን መጠየቅ አቅቶሽ ኮቦ ድረስ ሄድሽ?»

ሁሴን እንዳደረገው ስም ሳልጠራ ተረቱን ጀመርኩላት። የበሬ ነጋዴው፣ የተቀበሩት ልጆች፣ ቅቤ የተቀባችው ልጅ። ፊቷ አልተለወጠም። በቅሎዋ ሮቢት እስክትደርስ ድረስ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ቡላ በቅሎ ናት» አለች። «አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ።»

ሁሴን የበቅሎዋን መልክ አልነገረኝም ነበር።

ስልኳን አንስታ ለዳዊት ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አባትህ ኮቦ የሄደው የወባ መድኃኒት ሊረጭ ነው» አለችው። «ከኮቦ የመጣሁት እኔ ነኝ። አሳዳጊዎቼ እንዳይከፋቸው ብዬ አልተናገርኩም እንጂ የተወለድኩበትን አልረሳሁም። አባትህም ያውቅ ነበር፤ ነግሬዋለሁ። የሚረሳ ነገር ቢኖርህ ይህን እንዳትረሳ።» ዳዊት «እማዬ…» ብሎ ቀረ። ድንኳኑን መቼ እንደሚተክል ጠየቀችው። ወዲያው መልስ ሰጠ። ዘጋችው።

ስለ መሐላው የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። እንዳልጠሯት፣ ሰላም እንኳ እንዳላሉኝ፣ ቢሞቱ ደጇን እንደማይረግጡ። እሷ ግራ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አየችኝና ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች።

«እነሱ እንዳይጠሩኝ ምለዋል፤ ይሁን፣ ቃላቸውን ይጠብቁ» አለችኝ። «እኔ እንዳልሄድ ግን ማን አስማለኝ? በይ የደሴ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቂልኝ።»